ምስጋናው ሕያው፣ ምዕራፉ በድን

የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ ከየት ገጽ ይጀምራሉ? ይህ ጸሐፊ የሚጀምረው ከምስጋናው ነው። ስድስት ኪሎ ካለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ፣ ከእነዚያ ወፋፍራም ጥራዞች አንዱን ስበው ይግለጡ። ተማሪው በመጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ቀጥሎ እናቱን። ቀጥሎ ሌሊት መብራት ሲያበራባት ያልተነጫነጨችውን ሚስቱን፣ "አባዬ መቼ ነው የምትጨርሰው?" እያሉ ዓመታት የጠበቁትን ልጆቹን፣ ለመስክ ሥራ በሄደበት ቀዬ ቤታቸውን የከፈቱለትንና ቡና ያፈሉለትን ሰዎች። እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል። አንዳንዴ ግሡ ከባለቤቱ ጋር አይስማማም፣ አንዳንዴ ዐረፍተ ነገሩ ማቆሚያ ያጣል። ግን ሰው አለበት። ማን እንደሚያመሰግን፣ ማን እንደሚመሰገን፣ ምን እንደተደረገለት ይታወቃል።

ገጹን ይግለጡና ወደ ምዕራፍ አንድ ይለፉ። ሰውየው የለም።

እንበል አንዲት ተማሪ ዕድርን አጥንታለች። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ጥናትሽ ንገሪን ብንላት በአማርኛ እንዲህ ትለን ይሆናል፦ "ዕድርን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በድንኳኑና በወንበሩ ነው። እኔ ያየሁት ቅጣቱን ነው። ቀብር የቀረ ሰው ስንት እንደሚቀጣ፣ ማን ይቅር እንደሚባል፣ ማን እንደማይባል መዝገቡን ብታዩ የሰፈሩን ባለጠጋና ድሃ ትለያላችሁ።" ይህ ጥናት ነው። ጥያቄ አለው፣ ማስረጃ አለው፣ የሚያጣላም ነገር አለው። ይህችው ሴት ምዕራፍ አንድን በእንግሊዝኛ ስትጽፍስ? ወደ አማርኛ ብንመልሰው የሚወጣልን እንዲህ ያለ ነው፦ "ባህላዊ ማኅበራዊ ተቋማት በማኅበረሰቡ ሁለንተናዊ ልማት ውስጥ ቁልፍ ሚና ይጫወታሉ።" ቅጣቱ የት ሄደ? መዝገቡስ? ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ የትኛውም የእንግሊዝኛ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አያነሣበትም። ክፋቱ ማንም ስለ ማንኛውም ነገር ሊጽፈው መቻሉ ነው። ዕድር የነበረበት ላይ ዕቁብ ወይም ሰንበቴ ቢያስገቡበት ቅር አይለውም።

በነገራችን ላይ ይህ "ቁልፍ ሚና መጫወት" የሚባለው ነገር ከዚያው ከእንግሊዝኛው መጥቶ ዛሬ ሬዲዮኑን፣ ስብሰባውን፣ የወረዳውን ሪፖርት ሞልቶታል። ቁልፍ ሲከፍትና ሲቆልፍ እንጂ ሲጫወት ያየ የለም። በድኑ እንግሊዝኛ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ተቀብሮ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ተመራቂው ቢሮ ሲገባ ግን አማርኛውንም በዚያው ልክ ይሰፋዋል።

ለዚህ ሁሉ ሁለት የተለመዱ ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። አንደኛው "የተማሪው እንግሊዝኛ ደካማ ነው" የሚለው ነው። ሐሰት አይደለም። ለብዙው ተማሪያችን እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ እንኳ ሳይሆን ሦስተኛ ነው፤ በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ አፉን ፈትቶ፣ አማርኛ ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲማር የሚደረገው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ ደለደለ። ቋንቋዎቹም በጠባይ ይለያያሉ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል። "ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ተመለሰ" እያለ በቦዝ አንቀጽ አንዱን ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ቢያስኬደውም ያምርበታል። ያንኑ ሰንሰለት በእንግሊዝኛ የጎተተ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይበጠስበታል። "ዘ" እና "ኤ" የሚባሉት ሁለት ኢምንት ቃላትማ ስንቱን ምሁር አሸብተዋል!

ይሁንና ይህ ሕመም መድኃኒት አለው። በገጽ ሒሳብ የሚያርሙ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያርማል። ታርሞ የሚመጣው ምዕራፍ ግን ያው በድን ነው፤ ልዩነቱ ታጥቦ መከፈኑ ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ ምሁራዊ ካባ የለበሰ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 "ላንግዊጅ ለርኒንግ" በተባለ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ወደ 600 የሚጠጉ የውጭ አገር ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ድርሰቶች አይቶ የየሕዝቡን የሐሳብ አካሄድ በሥዕል አሳየ። የእንግሊዝኛው ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ነው። የሩቅ ምሥራቁ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠመዘዛል። የሴማዊው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይወርዳል። ለሴማዊው አካሄድ ማሳያ ካደረጋቸው አንዱ የእንግሊዝኛው ብሉይ ኪዳን ነበር፤ ዋና ትኩረቱም ዐረብኛ ነበር። አማርኛ ሴማዊ ነውና እኛም በዚያች ተመላላሽ መስመር ተቆጠርን። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ዶናልድ ሌቪን "ዋክስ ኤንድ ጎልድ" በተባለው መጽሐፉ ሰምና ወርቁን ከቅኔ ቤት አውጥቶ የአማራው ባህል መለያ አድርጎት ነበር። ካፕላን ከሃያ ዓመት በኋላ የራሱን አነጋገር አለዝቧል። ሥዕሉ ግን ለመሳል ቀላል፣ ለማስታወስም ቀላል ነውና ከእርማቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። "ሐበሻ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ፍሬ ነገሩን አይናገርም" የሚል ፍርድ ዛሬም ይሰማል፤ ከውጭ ሰዎች ይልቅ ከራሳችን ሰዎች አፍ ይበዛል።

ለመሆኑ ተጠየቅን ረስተነው ነው? በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ባለጉዳይ "በላ ልበልሃ" ብሎ ሲነሣ ማንን እንደሚከስ፣ በምን እንደሚከስ፣ ማን እንደሚመሰክርለት በአደባባይ ይለያል። ማር ነው፣ በቅሎ ነው፣ ፈረስ ነው፣ ውርርድ ይገባል። ውርርድ የገባበት ነገር ዋዛ አይደለም፤ ተሟጋቹ ለተናገረው ቃል ዋጋ ይከፍልበታል። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገውንም የሃይማኖት ክርክር እናስታውስ። ፍርዱ ቀድሞ ያለቀ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ተከራካሪዎቹ ግን ሐሳባቸውን ቀጥ አድርጎ ማቆም የተሳናቸው ሰዎች አልነበሩም። ስለዚህ የዶክትሬት ተማሪው ምዕራፍ አንድ ላይ ሲጠፋ ጥፋቱን ለሴማዊነቱ መስጠት አይቻልም። አያቱ በበቅሎ የሚያስይዘውን ነገር እሱ ለምን በደንቡ መናገር አቃተው?

እዚህ ላይ ጆን ስዌልስ የሚረዳን ይመስለኛል። እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጎረቤታችን በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሚሺጋን ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ የጥናታዊ ጽሑፍ መግቢያ ሦስት እርምጃ አለው ይላል። መጀመሪያ ሜዳውን ማሳየት፤ ቀጥሎ በሜዳው ላይ ያልተያዘ ቦታ መኖሩን ማሳየት፤ በመጨረሻ "ይህን ቦታ እኔ እይዘዋለሁ" ማለት። በግልጽ አማርኛ መሬት የመያዝ ወግ ነው። የእኛ ተማሪዎች የመጀመሪያውን እርምጃ ሠላሳ ገጽ ያደርጉታል፤ ሦስተኛውን ከሌላ ጥራዝ ላይ እንዳለ ይገለብጡታል። የሚሰናከሉት ሁለተኛው ላይ ነው።

ምክንያቱም ሁለተኛው እርምጃ "እገሌ ይህን አላየም" ማለትን ይጠይቃል። ምሁራን ጥቂት በሆኑበት አገር ደግሞ ያ "እገሌ" ምናልባት የተማሪው መምህር ነው፤ ምናልባትም በፈተናው ዕለት ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ፈታኝ ነው። በአማርኛ ቢሆን አንቱታ ይረዳዋል፤ "ፕሮፌሰር እንዳሉት ነው፣ ነገር ግን እሳቸው ጥናቱን ባደረጉበት ዘመን ያልታየ አንድ ነገር አለ" ብሎ አክብሮም ነቅፎም ማለፍ ይችላል። እንግሊዝኛው አንቱታውን ገፎ ማዕረጉን ጥሎ "እገሌ፣ 1998" ብቻ ያስቀርለታል። ተማሪው ከዚህ ራቁትነት የሚሸሸው ወደ "ይባላል" ነው። "ይባላል" በአማርኛ ጨዋታ ውስጥ ጥበብ ነው፤ ተናጋሪው ወሬውን ሳያምን ያቀብላል፣ ሰሚውም ይገባዋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ "ማን አለ?" የሚል የቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ብቻ ያስከትላል። ሌላው መሸሻ አንድምታ ነው። አንዱ እንዲህ አለ፣ አንድም ሌላው እንዲያ አለ፣ አንድም ሦስተኛው እንዲህ አለ። የመጻሕፍት መምህራን በዚህ መንገድ ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ አበልጽገዋል። የዶክትሬት ተማሪ ግን ከሦስቱ የትኛውን እንደያዘ ሳይነግረን ምዕራፍ ሁለትን ይዘጋል።

እንደማይቻል አድርገን አንውሰደው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1968 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ከግዕዝ ገድሎችና ዜና መዋዕሎች አውጥቶ በእንግሊዝኛ አቀረበ። ቋንቋው ጌጥ የለበትም። ሆኖም በየገጹ የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ምንጩን ይመዝናል፣ ይህን ልቀበል ያን ልጣል ይላል። ይህ ጸሐፊ መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር ሙግት የሚያውቅ ሰው እጅ ያይበታል።

ስለ ስምም አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። የምዕራባውያኑ የአጠቃቀስ ደንብ የቤተሰብ ስም ያስቀድማል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን አባት ነው። ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴ በደንቡ ሲጻፉ "ዘውዴ፣ ቢ." ይሆኑና መጽሐፉን የጻፉት ልጅ ተረስተው አባትየው ይጠቀሳሉ። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ ሐበሻን በራሱ ስም መዘርዘር የቆየ ልማድ ቢሆንም ከዘርፉ ውጭ ያለ መጽሔት አይሰማም፤ ኮምፒዩተሩም አይሰማም። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ አለ። "ፍቅር እስከ መቃብር" 1958 ተብሎ ቢጻፍ የውጭው ፈታኝ የእሱ 1958 ይመስለዋል፤ 1965/66 ተብሎ ቢጻፍ መጽሐፉን ከመደርደሪያ የሚፈልገው አንባቢያችን ግራ ይጋባል። እነዚህ ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪው በገዛ ጽሑፉ ውስጥ እንግዳ መሆኑን በየገጹ ግርጌ ያስታውሱታል።

በውጭው ዓለምም በዚህ ጉዳይ የተጣሉ አሉ። ኬን ሃይላንድ የተባለው የታወቀ የዘርፉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2016 "የቋንቋ በደል የሚባለው ተረት ነው" የሚል መከራከሪያ አቀረበ። የምሁር እንግሊዝኛ ለማንም የእናት ቋንቋ አይደለም፤ እንግሊዙም ይማረዋል፣ እሱም ይቸገርበታል ነው ነገሩ። ግማሹ እውነት ነው፤ ቅድም ያየነው በድን ምዕራፍ በለንደንም በቦስተንም ይጻፋል። ግማሹ ግን የጠገበ ሰው ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 "ፕሎስ ባዮሎጂ" ላይ የወጣ ጥናት ከ8 አገሮች 908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው ያልሆኑት ጽሑፋቸው በቋንቋ ሰበብ ውድቅ የሚደረግባቸው 2.5 እጥፍ ያህል፣ "እንግሊዝኛውን አስተካክላችሁ አምጡ" የሚባሉት ደግሞ 12.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያ ከስምንቱ ውስጥ የለችበትም። የእኛ ተማሪ ይሻላል ብሎ የሚወራረድ ካለ በቅሎውን ያምጣ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። በሰው ቋንቋ መጻፍ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ግዕዝ የማንም የእናት ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ይሁንና በዚህ ሁሉ ዘመን ተጽፎበታል፣ ተቀኝተውበታል። እንዴት ተቻለ? የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልብ ይበሉ። ተማሪው "መጀመሪያ ቋንቋውን ጨርስ፣ ሐሳብህን ኋላ ታመጣለህ" አይባልም። ገና ከጠዋቱ የራሱን ሐሳብ በግዕዝ እንዲፈጥር ይጠየቃል፤ ግን በሁለት ቤት ብቻ። ጉባኤ ቃና ነው። እሱን ሲችል ሦስት ቤት፣ ቀጥሎ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ እያለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል። ይህ ቃል አይሸከምም፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም፣ ይህን ሌላ ሰው ብሎታል ብሎ ይመልስለታል። ነገ ደግሞ እንደገና። የሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ስለሆነ ስለ ጽሑፍ ስርቆት የተለየ መመሪያ ማውጣት አላስፈለገም።

ቅኔ ቤቱን ገነት አድርጌ ለመሳል አይደለም። ረሀብ ነበረበት፣ ቁራሽ ልመና ነበረበት፣ ውሻ ነበረበት፤ እማሆይ ገላነሽን የመሰሉ ሊቅ ቢያፈራም ለሴት በሩ ጠባብ ነበር። ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰሚ ነበረው።

የዛሬው ተማሪ የእንግሊዝኛ ታሪኩ የሚያወራው እንጂ የሚሰማው ያጣ ሰው ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ የገባውን ፕላዝማ የሚያስታውሱ ያስታውሱታል፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ "ገባችሁ?" ይላሉ፣ መልሱን ሳይሰሙ ይቀጥላሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አንደኛ ዓመት ላይ አንድ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ዝም። አንድ ቀን አርባ ገጽ ፕሮፖዛል አምጣ ይባላል። ጉባኤ ቃና ያልቆጠረውን ሰው መወድስ ተቀኝ እንደማለት ነው። ያመጣውን አማካሪው ከሁለት ወር በኋላ ይመልስለታል፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈው "እንግሊዝኛህን አሻሽል" የሚል ነው። የትኛውን? እንዴት? የቋንቋ ክፍሉ "ይህ የአማካሪው ሥራ ነው" ይላል፤ አማካሪው "እኔ የአፈር ሳይንስ ምሁር ነኝ እንጂ የቋንቋ መምህር አይደለሁም" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ተማሪው መሐል ላይ ነው።

በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የመጣው። ሌሊትም ቢጠይቁት ይመልሳል፣ አይቆጣም፣ ገንዘብም እምብዛም አይጠይቅም። ተማሪው ቢጠቀምበት የሚፈርድበት ሌላ መካሪ የሰጠው ይሁን። ችግሩ መሣሪያው ከሁሉ አሳምሮ የሚጽፈው ያንኑ ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ዐረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ "ይህን የጻፈው ማሽን ነው" ብለው የሚያጋልጡ ሰባት መሣሪያዎችን እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው ባልሆነ ሰዎች በተጻፉ 91 የቶፍል ድርሰቶች ላይ ሞከሯቸው። መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ነው አሉ። በአሜሪካውያን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ድርሰት ላይ ግን ብዙም አልተሳሳቱም። ምክንያቱ ሊገመት የሚችል ቃል፣ ሊገመት የሚችል አካሄድ ነው። ለዓመታት ራሱን ከጽሑፉ እንዲያወጣ የለመደ ተማሪ በመጨረሻ ሰው አይደለህም ተባለ።

አንባቢውስ ማን ነው? በተለምዶ አማካሪውና ፈታኞቹ። ዕድር ያጠናችው ተማሪ መዝገቡን ያዋሷት ዳኛ ስማቸው ምስጋናው ላይ ሰፍሯል፤ ስለ እሳቸው ዕድር የተባለውን ግን ሊያነቡ አይችሉም። "አጥፍታለች" ሊሏት የሚችሉት ብቸኛው ሰው ከሙግቱ ውጭ ናቸው። አሥራ አምስት ገጽ የሚሆን ማጠቃለያ ጥናቱ በተካሄደበት ሕዝብ ቋንቋ ጽፎ አብሮ መጠረዝ ዩኒቨርሲቲውን የወረቀት ዋጋ እንጂ ሌላ አያስወጣውም። ጥቅሙ ለዳኛው ብቻ አይደለም። ቅጣቱንና መዝገቡን በቋንቋዋ አስቀድማ የጻፈች ተማሪ እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ የምትለው ነገር ይዛ ትደርሳለች፤ ከዚያ በኋላ "ዘ" እና "ኤ" የአራሚ ሥራ ናቸው።

ነገራውስ? አማካሪው በሳምንት አንድ ሰዓት ተማሪውን አስቀምጦ በዚያ ሳምንት የጻፋትን አንዲት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት ቢያደርግ፣ "ይህን ማን አለ? አንተስ ምን ትላለህ?" እያለ ቢያቋርጠው፣ የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልገውም፤ የአፈር ሳይንስ ምሁርነቱ ይበቃል። ሰባት ተማሪ ላለበት አማካሪ ይህ በሳምንት ሰባት ሰዓት ነው። ብዙ ነው። የማስተማር ጫናው ሳይቀነስለት "እንዲህ አድርግ" ማለት ቀልድ ስለሚሆን፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእሱ ሳይሆን የሥራ ሰዓቱን ለሚደለድሉት ሰዎች ነው።